የምስማር ግራ ቅንድብ

ትምህርትን እስከ ስድስተኛ ክፍል ገፋሁት፤ ከዚያ በኋላ እሱ ገፋኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም። ብቻ እኔ መስታወት ቆራጭ ሆንኩ፤ ትምህርት ቤቱም ያለ እኔ ቀጠለ፣ እንዴት እንደቻለ እንጃ። በሙያዬ ግን አልታማም። አንድ ጊዜ የወለወልኩት መስታወት ከመጥራቱ የተነሳ የጎረቤት አውራ ዶሮ ከራሱ ጋር ሦስት ቀን ተደባድቦ በነጥብ ተሸንፏል። የማያምን ሰው ዶሮውን ይጠይቅ።

አሁን የማወራው ስለ እህቴ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፣ እኛ ግን ምስማር እንላታለን፤ አንዴ ከገባች በጉጠት እንኳን አትወጣም። እናቷ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ምስማር ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እኔ ሱቅ ነው።

ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ቅንድቡን ከመሃል ለሁለት ይከፍለዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አዲስ ታሪክ እነግራለሁ። ለጎረቤት፣ ንስር ጠልፎ ሊወስዳት ሲል እግሩን ይዤ አስጣልኳት ብያለሁ። ለክፍል ጓደኞቿ፣ ኮከብ ወድቆባት ነው። ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ፣ ከሌባ ጋር ተናንቃ፣ ሌባው ግን ይብሳል። እውነቱን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እኔ ባላውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ምስማር ቦርሳዋን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፋ፣

«አጎቴ፣ ሲሜትሪ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«እንዴት አላውቀውም! አብረን ነው ያደግነው። ኋላ ሰፈር ለቆ ሄደ።»

«ሂድ ወደዚያ! ሲሜትሪ ማለት አንድ ነገር መሃሉ ላይ መስመር ሲሰመርበት ግራና ቀኙ እኩል ሲሆን ነው። ቲቸር ከቤታችሁ ፈልጉ ብላለች።»

ከቁራጮቼ መሃል አንዲት ስንዝር የምታህል መስታወት መረጥኩላት። እጇን እንዳትቆርጣት ጠርዟን በድንጋይ ሞረድኩ። ከዚያ ያገኘነው ነገር ሁሉ መሃል ላይ እያቆምናት ግማሹን መስታወቷ ውስጥ ካለው ምስሉ ጋር እናይ ጀመር። ለሁለት የተቆረጠ ብርቱካን፣ እኩል ነው። ኩባያ፣ እጀታው ከፊት ሲሆን እኩል ነው፤ ወደ ጎን ሲዞር ግን ወይ ባለ ሁለት ጆሮ ይሆናል፣ ወይ ጆሮ ቢስ። የዛፍ ቅጠል ከሩቅ እኩል ይመስላል፤ ቀረብ ስንል የግራው ጅማት ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው። መቀስም እኩል ይመስል ነበር፤ ምስማር በግራ እጇ ስትይዘው ወረቀቱን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። ሸሚዜ ቁልፉ በአንድ ወገን፣ ቀዳዳው በሌላው። መስኮቱ ሥር የሞተች የእሳት ራት አገኘን፤ ክንፎቿ ነጥብ በነጥብ አንድ ናቸው ብለን ልንጨፍር ስንል፣ አንደኛው ጫፉ ተበልቷል።

«አጎቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያጭበረብራል።»

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ወላጅ አምጪ ተብላ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወላጆች ቀን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፊት ይሥላል። ወረቀቱን ለሁለት ያጥፋል፣ ግማሽ ፊቱን በወፍራም እርሳስ ይሥላል፣ ከዚያ አጥፎ ሲያሸው ሌላው ግማሽ ይታተማል። ሥዕሎቹ በትልቁ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ምስማርም እንደተባለችው ሠራች። ስትጨርስ ግን ላጲስ አንስታ የግራ ቅንድቧን ከመሃል ፍቃ ከፈለችው። መምህሯ «ሲሜትሪውን አበላሸሽው፤ ሙዪው» አለቻት። ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ! «ካልሞላሽው አይሰቀልም» ተባለች።

«አርባ ሁለት ፊት ይሰቀላል፤ የኔ ቦታ ባዶ ይሆናል» አለችኝ። ምስማር አታለቅስም፤ አገጯ ብቻ ተንቀጠቀጠ። «ግን አልሞላውም። ወይ ከነጠባሳዬ፣ ወይ ይቅር።»

እናቷ ፈረቃ ላይ ስለሆነች ወላጁ እኔ ሆንኩ። ትምህርት ቤቱ ማን እንደሚመጣለት ቢያውቅ ኖሮ እናቷን አንድ ዓመት ይጠብቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስንደርስ ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው ሥዕል እየሰቀሉ ነው። መሃል ላይ የርዕሰ መምህሩ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የፍሬሙን መስታወት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አምሮበታል። መምህሯ መዳፏ ላይ ፒን እንደያዘች መጣች። ወጣት ናት፤ ቀሚሷ ላይ የጠመኔ አሻራ አለ።

«አጎቷ እርስዎ ነዎት? ስለ ጠባሳዋ ሦስት ታሪክ ሰምቻለሁ። ንስር፣ ኮከብ፣ ሌባ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«አንዱም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የከለከልኳት ለሲሜትሪው ብቻ ብዬ አይደለም። ቤተሰብ እንኳን እውነቱን መናገር ያፈረበትን ጠባሳ፣ ነገ ሰው ሁሉ እየጠቆመ እንዲስቅባት አልፈልግም።»

ክው አልኩ። ዘወር ስል ምስማር ወንበር ጎትታ የርዕሰ መምህሩ ፎቶ ሥር ወጥታበታለች። ያቺን መስታወት ከኪሷ አውጥታ አፍንጫቸው መሃል ላይ ገተረቻት።

«ቲቸር፣ ፊት እኩል አይደለም። እዪ!»

በግራው በኩል ስታዞራት ፊታቸው ቀጥኖ ከለቅሶ የመጡ መሰሉ። ገልብጣ በቀኙ ስታደርጋት ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ከሠርግ ወጥተው ገና ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ያሉ ሰው ሆኑ።

«ሁለት ርዕሰ መምህር!» አለ አንዱ ልጅ።

«የቀኙ ይፈቅዳል፣ የግራው ይቆጣል!» አለች ሌላዋ፤ ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ ራሷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሳቁ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላችን ቆመዋል።

«ውረጂ» አሉ። ወረደች፤ መስታወቷን ግን አልሰጠችም። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለሁለት እየከፈልኩዎት ነበር። የኔ ሥዕል ግራና ቀኙ እኩል አይደለም ተብሎ የማይሰቀል ከሆነ፣ የእርስዎም ይውረድ።»

መምህሯ ፒኖቹን በተነቻቸው። እኔም በስድሳ ዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ድፍረት ነው ብዬ ባርኔጣዬን ላወልቅ ስል፣ ባርኔጣ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ፎቶግራፋቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። «የኔ ተፈጥሮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያንቺ ጠባሳ ነው። ጠባሳ ያደረሰ ሰው አለው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን ልጅ ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

ምላሴ ላይ አራተኛው ታሪክ ተዘጋጅቶ ነበር። ነብር ነበረበት፤ ያውም ሁለት። ምስማር ቀና ብላ አየችኝ። አልለመነችኝም፣ አልጠቀሰችኝም። ጠበቀችኝ ብቻ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እሷ ከጠረጴዛዬ ማዶ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መስታወት በመቁረጫ ጭሬ ስሰብር ስንጣሪው ተፈናጠረ። ልጅ ባለበት እንደማይሰበር አውቃለሁ፤ ቸኩዬ ነው። ዓይኗን በአንድ ጣት ሳታት። ለእናቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አልኳት። ይቺ ልጅም ሱቅ እንዳትከለከል ብላ አፏን ዘጋች። ሁለት ዓመት የዋሸሁት እሷን ልሸፍን አይደለም፣ እኔን ልሸፍን ነው። እሷ የምታፍርበት ነገር የላትም። ግድግዳው ላይ የሚታፈርበት ፊት ካስፈለገ፣ ይኸው ቆሜያለሁ፤ እኔን ስቀሉ።»

አንድ ጥርሱ የወለቀ ልጅ በሐዘን፣ «ኮከብ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«አልነበረም አለህ እኮ!» አለችው ምስማር።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእናቷ ዛሬውኑ ትነግራለህ።»

«እነግራታለሁ።» እውነቱን ለመናገር እሳቸውን አልፈራሁም፤ የፈራሁት እህቴን ነው።

መምህሯ ጎንበስ ብላ ከወለሉ አራት ፒን ለቀመች። ለምስማር እየዘረጋችላት፣ «ስቀዪው» አለቻት።

ባዶ የቀረው ቦታ ከመጨረሻው በር አጠገብ ነበር። ምስማር ዞራ አላየችውም። ወንበሯን ወደ ርዕሰ መምህሩ ፎቶ አስጠግታ፣ ጎናቸው፣ ከእሳቸው ፍሬም እኩል ከፍታ ላይ አራቱንም ፒን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ሰቀለችው። ማንም አላስወረዳትም። ጥርሱ የወለቀው ልጅ የራሱን ሥዕል አውርዶ ላጲስ ይለምን ጀመር። ሌላዋ ጉንጯ ላይ ያለው ማርያም የሳመችው ምልክት በአንድ በኩል ብቻ እንደሆነ ትዝ አላት። ኮሪደሩ እንደገና የሥዕል ክፍል ሆነ።

እህቴ በፋብሪካው በር ላይ፣ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ በቦርሳዋ መታችኝ። ሦስት ጊዜ፤ ስለማጋነን ብትጠራጠሩኝ አልፈርድባችሁም፣ ይሄ ግን ሦስት ነው። ምስማርም አንድ ወር ሱቅ እንዳትገባ ተከለከለች። አልገባችም። ከደፉ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ልሰብር ስል «አጎቴ፣ እኔ እዚህ ነኝ!» ብላ ትጮሃለች።

በወላጆች ቀን አንዲት ባለ ትልቅ ቦርሳ ሴት ሥዕሉ ፊት ቆሙና፣ «ምነው ይቺኛዋ ቅንድቧ ተበላሸ?» አሉ።

«አልተበላሸም» አለች ምስማር፣ ከሥዕሉ ሥር ቆማ። «እንዲህ ነኝ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ። «ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

ምስማር በአውራ ጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

«እሱን ይጠይቁት። አሁን እውነት ይናገራል።»

እህቴ ክንዷን አጣምራ ከጎኔ ቆማለች። ነገርኳቸው። ሳያጋንኑ ማውራት ምን ያህል እንደሚያደክም ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ስጨርስ ወንበር ፈለግሁ።