ሙነወርና ድምፅ የሌለው ፊልም

ሙነወር ማለት ምላሱ እንጀራው የነበረ ሰው ነው። ጉርድ ሾላ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም በአማርኛ ሲተረጉም አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል። እንግሊዝኛውን ያውቅ ነበር ወይ? ኧረ የት አውቆ! ከራሱ ይጨምራል፣ የሚሆነውን ሳይሆን በፊት ይናገራል፤ ሰውም የሚወድለት ይህንኑ ነበር። ዲሽና ስልክ መጣና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እሱም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብቶ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።

ባለፈው ወር ሀይሚ የምትባል የሰሚት ልጅ አስጠራችው። ሟች አባቷ ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውቱ ነበር፤ ከሳጥናቸው አንድ የፊልም ጥቅል ተገኝቷል። ፊልም ድምፅ ሳያወጣ በፊት የተሠራ፣ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ኮሜዲ ነው። የዚህ ዓይነቱ አብዛኛው ተቃጥሎ ወይም በስብሶ አልቋል፤ የዚህኛውንም ሌላ ቅጂ ብታፈላልግ አጥታዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በሰሚት ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ልታሳየው አስባ፣ ሰው ድምፅ የለውም ብሎ እንዳይበተን ፈራች። ሰዉን ከያዙልኝ በየቅዳሜው ሥራ አለ አለችው። ሙነወር በደስታ የሚያደርገውን አጣ።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ቀጭን ሰውዬ ቁም ሳጥን ተሸክሞ ጠባብ ደረጃ ይወጣል፤ አማቱ ከላይ ሆና ታዘዋለች። ሙነወር ማይኩን ጨበጠ።

«አሁን እግሩ ይከዳዋል፤ ይኸው ሊወድቅ ነው!»

ሰውዬው ወደቀ። ማንም አልሳቀም። ሙነወር ድምፁን ጨመረ፣ ለአማቲቱ ስድብ ፈጠረላት፣ ላብ አጠመቀው። ሳቅ ግን የለም።

ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ሱሀይላ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሶፋ በደረጃ ያስወጡት ሴት፣ ዞር አሉ።

«ሙነወር ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ዝም በል። እኛው እናየዋለን።»

ሙነወር ማይኩን አጠፋ። ቁም ሳጥኑ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ፤ ቀጭኑ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ውስጡ ገባና በዚያው ቀረ። አማቲቱ ቁም ሳጥኑን መቆጣት ያዘች። ሊፍት በሌለው ፎቅ ዕቃ ያወጣ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሙነወር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም፤ ቅናት እንደ ቃር አቃጠለው። እያቃጠለውም ሳቀ።

ሰው ሲወጣ ሀይሚ ቀረበችው። አሳዝኗት፣ መግቢያውን ብቻ ይናገሩ ልትለው ነበር። ቀደማትና ሥራው እንደማይሆነው ነገራት። ከዚያ ወንበር ስቦ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አላት። «ያን ሁሉ ዘመን ሳወራ አንድም ፊልም አላየሁም።»