የሰርቪስ ዕድል

ደግሞ ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡልኝ፣ አውቶቡስ ላይ ወንበር ለያዘ ሰው ይጨበጨባል እንዴ፣ ዕድሜ ልኬን ታክሲ ተጋፍቼ ስገባ ያጨበጨበልኝ የለም፣ ወያላው ማዘር ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይ እንጂ ማዘር ነው የሚለኝ፣ አሁን በስካውቶቹ የወላጆች ስብሰባ ላይ በሰርቪስ የተመዘገቡ ወላጆች እስቲ ይነሡልን ተባለ፣ ተነሣሁ፣ ዞር ብዬ ሳይ አዳራሹ ሙሉ ወላጅ ተቀምጦ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን። ሌሎቹ ለካምፑ እንጦጦ በምን ሊወጡ ነው፣ በክንፍ?

ዝም በይ ለተሥላሴ። ቃል ገብተሻል።

በር ላይ ነው ቃል ያስገባችኝ፣ ሃይሚ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ፣ አረንጓዴ የስካውት ስካርፏን አስራ እጄን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይዛ፣ እማዬ ዛሬ በናትሽ አትናገሪ፣ ምንም? ምንም፣ ቢሳሳቱም? ቢሳሳቱም፣ ፊደል ቢገድፉም? እማዬዬዬ፣ ሼም ነው በቃ። ሼም። በእኛ ጊዜ ልጅ ወላጁን ያፍረው ነበር፣ አሁን በወላጁ ያፍራል፣ አንዲት «በ» ናት የተጨመረችው፣ ዓለም ግን ተገለበጠ። አልፈርድባትም። ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ላይ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ በሥነ ምግባር የታነጹ ዜጎች ሊል ፈልጎ በሥነ ምግባር የታነቁ ዜጎች ይላል፣ የታነቁ! አራት መቶ ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ዝም፣ እኔ ብድግ አልኩና ይቅርታ ማን ነው ያነቃቸው አልኩ፣ ምን አጠፋሁ፣ ሰው ሳቀ፣ ርእሰ መምህሩ ላብ በላብ፣ ልጄን ግን ክፍሏ ውስጥ የታነቀችው እያሏት ከረሙ፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አንድ ታክሲ ውስጥ መታየት አትፈልግም፣ ከኋላ ወንበር ካለ ኋላ ትሄዳለች፣ ከሌለ ቀጣዩን ትጠብቃለች።

አሁን ግን እያት። ግድግዳው ሥር ከስካውቶቹ ጋር ተሰልፋ ቆማለች፣ እኔን እያየች ነው፣ ፊቷ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ አጠገቧ ያለችዋን ልጅ በክርኗ ጎሸም አድርጋ የኔ እናት ናት ስትል ከአፏ አነበብኩ፣ የኔ እናት ናት፣ ይህን ፊት ካየሁት ስንት ዓመት ሆነው፣ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ የወረወርኩላት ቀን ነው መሰለኝ። ለአውቶቡስ ወንበር ነው እንዲህ የምትሆነው?

የሆነ ነገር አለ።

መሪያቸው ነገሳ ማጨብጨቡን አልተወም፣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል፣ እሱ ቁምጣ ለብሶ የሰው ልጅ ሰብስቦ ተራራ ይወጣል፣ ቁምጣው ከላይ እስከ ጉልበት፣ ካልሲው ከታች እስከ ጉልበት፣ መሀል ላይ የቀረችው ጉልበቱ እንደ እኔ ብቻዋን ሰው ፊት ቆማለች፣ ሐሜት ይቅር፣ ልጆቹ ይወዱታል፣ ሃይሚን እኔ ሦስት ጊዜ ጠርቻት አትነሣም፣ እሱ በቴሌግራም ዝግጁ ብሎ ድምፁን ከላከ ሁልጊዜ ዝግጁ ብላ ከአልጋዋ ትወረወራለች። አሁን መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስልኩን አወጣ፣ ወላጆች፣ የወይዘሮ ለተሥላሴን መልእክት ላንብብላችሁ፣ የኔን? ምን የኔ መልእክት አለ?

አነበበ። «እኔ አለሁበት፣ ከፊት ቢሆን ይመረጣል፣ ወደ ኋላ ስሆን ያዞረኛል።»

አዎ ብያለሁ። እና?

ወደ ኋላ ስሆን ያዞረኛል! አለ ነገሳ፣ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ይህ ተራ አነጋገር አይደለም ወላጆች፣ ይህ ፍልስፍና ነው፣ ትውልድ ወደ ኋላ ሲቀር የሚያዞራት እናት ናት ይህችን የጻፈችው። እንደገና ጭብጨባ። ኧረ ማስመለስ ነው ጌታዬ! የኋላ ወንበር ላይ ያስመልሰኛል ማለቴ ነው፣ በልጅነቴ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ጀምሮ፣ የሎሚ ልጣጭ ሳልይዝ መኪና አልገባም፣ ይህ ምኑ ነው ፍልስፍና።

ቆይ። ከመጀመሪያው ልያዘው። እኔ የማነብ ሴት ነኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በራሴ ያነበብኩ፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያስነጠሰኝ ያነበብኩ፣ ክፍለ ከተማው ደጅ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ቤት ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ማሽኑ ብርሃኑን እየጎተተ ከዳር ዳር እስኪደርስ የባለጉዳዩን ማመልከቻ ጨርሼዋለሁ፣ አንዱ ፕላኔ እንዲጸድቅልኝ ሊል ፕላኔ እንዲደርቅልኝ ብሎ ይዞ ሲመጣ ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ ይህን ይዘው ቢገቡ በደስታ ነው የሚያደርቁልዎ አልኩት፣ መርቆኝ ሄደ። እና የነገሳን ማስታወቂያ ሳላነብ አልተመዘገብኩም፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ውድ ወላጆች፣ መጪ ካምፖችና የሰርቪስ ዕድሎች፣ ዕድሉ የተወሰነ ስለሆነ ፈቃደኞች ፈጥናችሁ ተመዝገቡ ይላል። ሰርቪስ። ሰርቪስ ምንድን ነው፣ አንደኛ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት አስፋልት ዳር ቆሞ የሚጠብቀው አውቶቡስ ነው፣ ሁለተኛ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት፣ አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ኖሬባታለሁ፣ ሦስተኛ፣ መኪና ዘይት ሊቀየርለት ሲገባ ሰርቪስ ገባ ይባላል። አራተኛ የለውም። ከሦስቱ ዕድል የሚባለው የቱ ነው፣ ወንበር ነው፣ የሚወሰነውስ የቱ ነው፣ ወንበር ነው፣ እኔ የየካ ልጅ ወንበር ተወስኗል ሲባል እያየሁ ልተኛ?

ተቀመጡ ወይዘሮ ለተሥላሴ አለ። ተቀመጥኩ። አሁን ፕሮግራሙን ያነባል፣ ጆሮ ስጪ።

የመጀመሪያው ካምፕ እንጦጦ፣ ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ። እሺ። እንጦጦ የምንወጣው ከፈረንሳይ ሰፈር ተነሥተን ነው፣ እሺ፣ በእግር።

በእግር?

አንድ ወላጅ እጁን አወጣ፣ አቶ ኃይለ መስቀል፣ መንታ ወንዶች ልጆች ያሉት፣ ተባረክ፣ አውቶቡሱ የት ሄደ ብለህ ጠይቅልኝ፣ እሱ ግን ጅብ አለ ወይ አለ። ነገሳ ጅብ አለ አለ፣ ግን ዓይን አፋር ነው። ዓይን አፋር! ጅቡን ያሳደገው ይመስል። ቀጠለ፣ ካምፕ ብቻውን ሽርሽር ነው ወላጆች፣ ካምፕን ካምፕ የሚያደርገው ሰርቪሱ ነው፣ ሰርቪስ ማለት ሰው ሳይጠይቅህ፣ ሳይከፍልህ፣ ሳያይህ ማገልገል ማለት ነው።

አራተኛ አለው።

አራተኛ አለው ለካ፣ ምነው መድኃኔ ዓለም፣ አገልግሎት ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎድልበት ነበር፣ የአማርኛ ፊደል ተወደደ እንዴ፣ አገልግሎት ቢል እኮ ይገባኝ ነበር፣ አገልግሎት ቢል ስልኬን አጥፍቼ እተኛ ነበር! ስንቱን ባለጉዳይ ያዳንኩ ሴት በአንዲት ቃል ተሸጥኩ። አሁን ደግሞ ይዘረዝራል፣ ቀበና ወንዝ ዳር ላስቲክ ለቀማ፣ የካ ጫካ ክረምት የተተከሉትን ችግኞች ማረም፣ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩ አረጋውያን ውኃ በጄሪካን ማውጣት፣ ኧረ ጉልበቴን፣ ደረጃ ሲባል ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል፣ ለመጀመሪያው ካምፕ ደግሞ የሰርቪስ ቡድኑን ከፊት ሆነው የሚመሩት ወይዘሮ ለተሥላሴ ናቸው፣ ቡድኑ ከዋናው ጓድ አንድ ቀን ቀድሞ ዓርብ ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍራል።

የመጸዳጃ ጉድጓድ። ሽንት ቤት በለው። ሽንት ቤት ቆፋሪ ሆኜ በጭብጨባ ተሾምኩ። ከፊት ቢሆን ይመረጣል ብዬ በገዛ ጣቴ ጽፌ።

አሁን ምን ይደረጋል፣ እጄን አውጥቼ ይቅርታ ተሳስቻለሁ ልል፣ ሃይሚ ግድግዳው ሥር ቆማ ታበራለች፣ ስካውቱ ሁሉ በየተራ እየዞረ ያየኛል፣ አንዷ አውራ ጣቷን አቆመችልኝ፣ የታነቀችዋ እናት አይደለሁም፣ ፈላስፋዋ ነኝ፣ እንደዚህ እያየችኝ አውቶቡስ መስሎኝ ነው ልበላት? ዝም ልበል። ዝም እላለሁ፣ እቆፍራለሁ፣ ማንም አያውቅም፣ ልጄም አታውቅም፣ ማን ሊነግራት ነው።

ለትዬ።

ወይኔ። ፀዳለ። ከኋላዬ መቀመጧን ረስቼ፣ ሽቶዋ ግን ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፣ ጎረቤቴ ነበረች፣ አሁን አያት ቤት ሠርታ ገብታ መኪና ይዛ ጉርብትናውን በቴሌግራም የምትቀጥል፣ ጆሮዬ ሥር ተንሾካሾከች፣ ለትዬ፣ አውቶቡስ መስሎሽ ነው አይደል? የምን አውቶቡስ አልኳት፣ አይ እንግዲህ አለች፣ ማክሰኞ ደውለሽልኝ አንቺ ነዳጅሽን ጨርሺ፣ እኛ በሰርቪስ ዘና ብለን እንወጣለን አላልሽኝም? ብያለሁ። ብያታለሁ። አፌ እኮ ነው የሚያርደኝ። ፀዳለ ዝም በይ፣ በሞቴ። ኧረ እኔ ላንቺው ብዬ ነው፣ በዚህ ጉልበትሽ እንዴት ትቆፍሪያለሽ፣ እጇ ወጣ፣ አምባሯ ተንሻተተ፣ ተይ ፀዳለ፣ ጋሽ ነገሳ ይቅርታ አለች፣ ጓደኛዬ ስለምታፍር እኔ ልናገርላት፣ ሰርቪስ ሲባል አውቶቡስ መስሏት ነው የተመዘገበችው።

ሳቅ።

መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ከመሀል፣ የአቶ ኃይለ መስቀል መንትዮች በአንድ ድምፅ፣ ወደ ኋላ ስሆን ያዞረኛል አለ አንዱ አባት ሆዱን ይዞ፣ አዳራሹ ፈረሰ፣ እኔ ማንንም አላየሁም፣ ሃይሚን ብቻ፣ አንገቷን ደፋች፣ ስካርፏን እስከ አገጯ ሳበችው፣ ያው ፊት፣ የወላጆች በዓሉ ፊት፣ መብራቱ በርቶ አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ ወዲያው ጠፋ።

እውነት ነው ወይዘሮ ለተሥላሴ? አለ ነገሳ።

አሁን ፀዳለን ልገሽልጣት እችላለሁ። መሣሪያው አለኝ። መታወቂያዋን ኮፒ ያደረግኩላት እኔ ነኝ፣ አርባ ሁለት ሞላኝ ብላ ኬክ የምትቆርሰዋ ፀዳለ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለደች የምናውቅ እኔና የወለደቻት እናቷ ብቻ ነን፣ አንዲት ቁጥር ብጠራ ሳቁ እኔን ለቆ እሷ ላይ ይሰፍራል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት፣ ትጣፍጣለች። ወይም ልዋሽ፣ የምን አውቶቡስ፣ አገልግሎት መሆኑን በደንብ አውቃለሁ ልበል፣ ማን ያረጋግጣል። ዝምም አለ፣ ቃል ገብቻለሁ፣ ዝም ብል ግን ከዝምታዬ ሃይሚ ምን ታተርፋለች፣ አንገቷን እንደደፋች ወደ ቤት።

ቀና በይ ልጄ። ቀና በይልኝ እስቲ አንዴ።

ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በቅንድቧ ብቻ አንዲት ነገር ነገረችኝ፣ እሺ በቃ፣ ተናገሪ።

ተነሣሁ። አዎ፣ እውነት ነው፣ አውቶቡስ መስሎኝ ነው የተመዘገብኩት፣ ከፊት ያልኩት የመኪና ፊት ነው፣ ያዞረኛል ያልኩትም ያስመልሰኛል ለማለት ነው፣ ጋሽ ነገሳ ፍልስፍናዎን ይውሰዱ፣ እኔ ሎሚዬን ይዤ ነበር የተዘጋጀሁት። ሳቁ። እኔም መሳቅ አማረኝ። ስሜ ግን አይሰረዝ፣ ያስገባኝ ስሕተት ነው፣ የምቆየው ግን አውቄ ነው፣ ደግሞ ፀዳለ እውነቷን ነው፣ ጉልበቴ ደህና አይደለም፣ ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፣ አንድ ቀን ቀድመው ከሚወጡትም ግማሽ ቀን ቀድሜ ልነሣ እችላለሁ፣ አሁን ወደ ሥራው፣ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ነገሳ መነጽሩን አወለቀ፣ ሜትር ተኩል ወይዘሮ። ለሁለት ሌሊት ሜትር ተኩል? ሠላሳ ልጅ ነው ወይዘሮ ለተሥላሴ። ምን ሊያበሏቸው ነው ጋሽ ነገሳ፣ ሽሮ ከሆነ ሁለት ሜትር ይሁን።

ፀዳለ ሳትቀር ሳቀች፣ እኔ ግን ጆሮዬን ግድግዳው ሥር አድርጌያለሁ፣ እዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሳቁን አልፋ፣ ጋሽ ነገሳ፣ ጋሽ ነገሳ እኔም፣ እኔም ዓርብ እወጣለሁ ከእማዬ ጋር፣ እኔም እቆፍራለሁ፣ የማናት፣ የኔዋ ናት፣ ከእኔ ጋር አንድ ታክሲ የማትገባዋ፣ እጇን እስከ ጣሪያ ዘርግታ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያያት፣ ከእኔ ጋር ሽንት ቤት ልትቆፍር፣ ጻፏት እንጂ፣ ምን ትስቃላችሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሀል እስክሪብቶ የያዘ የለም እንዴ፣ ሃይማኖት ብለው በሃሌታው ሀ ይጻፉ ጋሽ ነገሳ፣ ቶሎ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር፣ ቶሎ ይጻፏት፣