የኒሚያ ቤት ዝም ያለ ጊዜ

ዝናቡ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሉኬ ከተማ ሳምንቱን ሙሉ በሙቀት ስትቀቀል ከርማ፣ ድንገት ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ይወርድ ጀመር። መብራት ሄደ። ሲመለስ ግን እንደ ወትሮው አልተመለሰም፤ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ደመቁ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ነገር «ጧ» አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

«ማራገቢያ ክፈት» አለች ኒሚያ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና።

ማራገቢያው ንቅንቅ አላለም።

«መጋረጃ ግለጥ። በር ክፈት።»

ምንም።

ኒሚያ የሒሳብ መምህርት ነበረች። የመኪና አደጋ እግሮቿን ሙሉ በሙሉ፣ እጆቿን በከፊል ካሳጣት ወዲህ የሚታዘዙላት የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ያኔ ባሏ የነበረው ዊልፍሪዶ የኮምፒውተር ሰው ስለነበር ቤቱን ሁሉ በድምፅ የሚታዘዝ አደረገላት። መብራቱ፣ መጋረጃው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው አልጋ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ሁሉም ያለ ሽቦ እርስ በርስ እየተቀባበሉ መዳፍ ከምታህል አንዲት ሳጥን ትእዛዝ ይቀበላሉ። የተቃጠለችው ያቺ ሳጥን ነበረች። ዊልፍሪዶ ራሱ ከቤቱ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የት ዋልሽ፣ ማን መጣ፣ ምን አሳቀሽ እያለ ሲያስመርራት አስወጥታዋለች።

ጭኗ ላይ የነበረው ስልክ ጮኸ። ወንድሟ መስሏት በጣቷ ነካችው። ዊልፍሪዶ ነበር።

«ደህና ነሽ? ቤቱ እኮ ዝም አለ።»

«መብረቅ ነው። ሳጥኗ ተቃጠለች መሰለኝ።»

«አይዞሽ፣ ሳጥኗ ውስጥ የነበረው ፕሮግራም ሁሉ ቅጂ እኔ ጋ አለ። ዴርሊስ አዲስ ሳጥን ይግዛልሽ፣ እኔ ቅጂውን እጭንበታለሁ። ዕቃዎቹ ሳጥኗ መለወጧን እንኳ አያውቁም። ምንም አይፈጅም።»

እፎይ ልትል ነበር። ከዚያ ግን የመጀመሪያ ንግግሩን መልሳ አሰበችው።

«ዊልፍሪዶ፣ ዝም ማለቱን በምን አወቅህ?»

«መልእክት ይደርሰኛላ። ብትወድቂስ? ብትታመሚስ? ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ምን ምን ይደርስሃል?»

«ያው... በር ሲከፈት፣ መብራት ሲበራ፣ ሰው ሲያልፍ። አሁን ደግሞ ነገር አታክብጂ።»

ስልኩን ዘጋችው። ላቡ ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗን ያቃጥላታል፤ መጥረግ አትችልም። በበሩ አናትና በኮርኒሱ ጥግ የተለጠፉትን፣ ሰው ሲያልፍ የሚለዩትን ትንንሽ ነጭ ዕቃዎች ተራ በተራ አየች፤ ከአልጋዋ በላይም አንዲት አለች። ሁሉንም ስታያቸው የኖረች ናት።

ታናሽ ወንድሟ ዴርሊስ የአምቡላንስ ሹፌር ነው፤ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራል። ከሥራ እንደገባ በሩን ይደበድብ ጀመር።

«እታለም! አለሽ?»

«የለሁም፤ ለቀብሬ ደርሰሃል። ግባ እንጂ!»

«በየት ልግባ? አንቺ በሩን በምላስሽ ስትከፍቺ ኖረሽ ቁልፉ የት እንደገባ ማን ያውቃል!»

በወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት ሳህን ሰብሮ ገባ። መጀመሪያ ፊቷን በውኃ አበሰላት፣ ከዚያ ቴሬሬ የሚሉትን በበረዶ የቀዘቀዘ የቅጠል መጠጥ ከዋንጫ በቀሰም አጠጣት። ነገሩን ስትነግረው ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ሄጄ መንጋጭላውን ነው የማወልቅለት።»

«ከዚያ በራስህ አምቡላንስ ልታመላልሰው?»

አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዋ የነበረው ባሲሊዮ እየመጣ ያጫውታት ነበር። ዊልፍሪዶ ደውሎ «እንግዳ አብዝተሻል አሉ» ሲላት ወሬውን ያደረሰው ዴርሊስ ነው ብላ ደመደመች። ቢምል ቢገዘት አላመነችውም፤ ስንት ጊዜ ዘግታው ከረመች። ባሲሊዮም ነገሩ ከብዶት ቀረ። ወሬኛው ቤቱ ራሱ ኖሯል፤ ይህ ሁሉ አሁን ደረቷ ላይ ተቀምጧል፤ አውጥታ ለመናገር ግን አፏ አልታዘዘላትም።

አዲሷ ሳጥን በማግስቱ ተገዛች።

«እኔ የምለው» አለ ዴርሊስ፣ «ቅጂውን ተቀብለን ቤቱ ይነሣ፣ ሰውየውን በኋላ እናባርረው።»

«ቅጂው ይዞት የሚመጣው እሱ ከሩቅ የሚገባበትን የምስጢር ቁልፍ ነው። እሱ የሠራውን እንዳለ ነው የሚመልሰው፤ ምን እንደደበቀበት አላውቅም። ከባዶ እንጀምራለን።»

ከባዶ መጀመር ግን ቀላል አልነበረም። እያንዳንዱ ዕቃ አሁንም የሞተችዋን ሳጥን እየጠበቀ ነው። እንዲረሳት መደረግ አለበት። ለዚህ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ማብሪያ ፈትቶ፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ዴርሊስ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ካቻቢቴውን ይዞ ይቆማል፤ እሷ ስልኳን እያየች ታዝዘዋለች።

«ተጫነው። ልቀቅ አላልኩህም! መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል ያዘው።»

«ጣቴ ደነዘዘ እኮ!»

«የኔን ላበድርህ?»

የሳሎኑ መብራት መጣ። ማራገቢያው መጣ። የጣሪያውን መብራት ሊፈታ ኮርኒስ ውስጥ የገባ ቀን ሙቀቱ አዙሮት በደረቱ ተስቦ ወጣ፤ ወለሉ ላይም ተዘረጋ። አልጋው ግን እምቢ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ሞከሩት፤ አዲሷ ሳጥን አታገኘውም። በእጅ የሚያንቀሳቅሰው መዘውር የለውም፤ ዊልፍሪዶ አያስፈልግም ብሎ አውልቆታል። ኒሚያ ጠፍጣፋ ሆኖ በቀረው አልጋ ላይ እየተኛች ወገቧ መቁሰል ጀመረ። አንድ ጠዋት ዴርሊስ ቁስሉን ሲያጥብላት ሕመሙ ጥርሷን አስነከሳት፤ እሱ ወደ ሥራ እንደሄደ ጣቷን የዊልፍሪዶ ስም ላይ አሳረፈች። ትንሽ ብትጫነው ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመለስላታል።

አልተጫነችውም። ይልቅ እያለቀሰች ማሰብ ጀመረች። መኝታ ቤቱ ከሳጥኗ ሩቅ ነው። ዕቃዎቹ ደግሞ የሚቀባበሉ ናቸው፤ በመካከል ተቀባይ ከሌለ የሩቁ አይሰማም። መካከል ላይ ያለውን የኮሪደሩን ሶኬት እስካሁን አልነኩትም ነበር። ማታ ዴርሊስ መጀመሪያ እሱን ከአዲሷ ሳጥን ጋር አገናኘው፤ ከዚያ ወደ አልጋው ሄዶ ቁልፏን ተጫነ። አልጋው እያጉረመረመ ከፍ አለ።

የግቢው በር ብቻ ቀረ። መሣሪያው ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል፤ ካልፈረሰ አይደረስበትም።

ዊልፍሪዶ የመጣው በዚያው ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ነው። ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ፣ ገና ባልተሠራው የግቢ በር ገብቶ የቤቱ በር ላይ ቆመ። ዴርሊስ ሥራ ላይ ነበር።

«ኒሚያ፣ እልህሽን ተዪው። ያለ እኔ አይሆንልሽም።»

«መጋረጃ ግለጥ» አለች። መጋረጃው ተገለጠ፤ በመስኮቱ ፊት ለፊት አየችው። ከስቷል። «ያየኸውን አይተሃል። ቅጂውን አጥፋው። ከሰስኩህም አልከሰስኩህም በዚህ በር እንዳትመለስ።»

«ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት እኮ! ማን አለሽ?»

«መጋረጃ ዝጋ» አለች። ድምፁ ከመጋረጃው በስተጀርባ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። እሷ ግን እስከ ማምሻው ዓይኗን ከመጋረጃው ላይ አላነሣችም።

ዴርሊስ ሲገባ የሆነውን ሁሉ፣ ቅጂው ይጥፋ አይጥፋ ማወቅ እንደማይቻልም ነገረችው። ከአልጋዋ በላይ ያለችውን ነጭ ዕቃም እንዲነቅልላት ለመነችው። ነቅሎ በመዶሻ ደቆሳት። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዴርሊስ» አለች በመጨረሻ፣ «የባሲሊዮን ነገር... አንተ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም።»

«ይቅር በለኝ።»

ዴርሊስ መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ያን ጊዜ ሰባ ጊዜ ምዬልሽ አላመንሽኝም፣ እታለም» አለ። «ይቅር ብያለሁ። ግን ቶሎ አይረሳኝም።»

ተነሥቶ እራት ሊያሞቅ ወጥ ቤት ገባ።