ዓይን መሣል የተከለከለው ሰዓሊ

መሪጌታ ይኸነው ንፍሮውን ዛሬም ሳይቀምሱ መለሱት። ወርቅነሽ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከፍራሹ ላይ ሆና አየች። ትናንትም መልሰውት ነበር፤ ከትናንት ወዲያም። የባሏ የአየነው ቀብር ከተፈጸመ ጀምሮ ሰውዬው በጠዋት ይመጣሉ፣ ከምሰሶው ሥር ይቀመጣሉ፣ ሌላው ለቅሶ ደራሽ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ሲሄድ እሳቸው አይሄዱም። አያወሩም፤ አይበሉም። ነገር የሌለበት ሰው የለቅሶ ቤት ንፍሮ ምን ያስፈራዋል?

«አየሃቸው?» አለችው አጠገቧ ለተቀመጠው ወንድሟ ለአንዳርጋቸው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ።

አንዳርጋቸው ከጫግኒ የመጣ የእህል ነጋዴ ነው። ገበያ መሀል ሲጮህ የኖረ ሰው ስለሆነ ማንሾካሾክ አይሆንለትም። «አየሁ እንጂ እታለም» አለ። «ዛሬ ሣልስቱ ነው። ከምሳ በኋላ የደብሩ አለቃ ባሉበት እነሣና እናገራለሁ። ኮከብ እየቆጠረ ሰው የሚገድል መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ቀስ በል፤ ይሰሙሃል።»

«ይስሙኛ።»

ቀስ በል አለችው እንጂ ተው አላለችውም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የነገረችው ራሷ ናት። አንዳርጋቸው ከተናገረ መሪጌታ ከደብሩ እንደሚባረሩ ታውቃለች፤ አለቃው ኮከብ ቆጠራን ስሙን እንኳ መስማት አይወዱም። ይባረሩ። ይኸንን ስታስብ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት።

አየነው ሰዓሊ ነበር። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ሥዕል ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከተገኘ፣ አንዱ ግድግዳ የሱ እጅ ያረፈበት ነው። መሪጌታ ይኸነው ደግሞ የሃያ ዓመት ወዳጁ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ሄደው ቅኔውንም ኮከቡንም ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ምእመኑ ቆጠራውን በአደባባይ ያወግዛል፤ ልጁን ሊድር ሲል ግን በጓሮ በር ይመጣባቸዋል።

ወርቅነሽ አየነው ወደሚሥልበት ቤተ ክርስቲያን ምሳ ስታደርስለት ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኛቸው ነበር። ከመወጣጫው ሥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ፤ የቀደሙትን ሰዓሊዎች ሥራ እያዩ የያንዳንዱን ኮከብ ይናገራሉ።

«ይኸን የሣለው የእሳት ሰው ነው፤ ሐመል ወይ ቀውስ። ቀይ ካየ እጁ አይመለስለትም። ይኸኛው ነፋስ ነው፤ መልአኩን ክንፉን አሳምሮለት እግሩን ረሳው። እዚያ ማዶ ያለው ደግሞ የመሬት ሰው። እግር ያውቃል፤ ጻድቃኑ ሁሉ እርሻ ውለው የገቡ ይመስላሉ።»

አየነው ከላይ ሆኖ ይስቃል። «የኔስ?»

«ያንተን ሳልቆጥር አልናገርም።»

«እንግዲያው ይቅር፤ ኮከቤን ሳላውቅ ልሥራበት።»

ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ወደ ቤት ገባ። ብሩሾቹን አንድ በአንድ አጠበ፣ ከሣጥን ከተተ፣ ቆለፈ።

«ምነው በደህና?» አለችው።

«ተከለከልሁ።»

«ማን ከለከለህ?»

«ኮከቤ። መሪጌታ ቆጠረልኝ። ጀዲ ነህ አለኝ፤ መሬት። የመሬት ሰዓሊ ስልሳ ካለፈው በኋላ ዓይን ከሣለ የገዛ ዓይኑን አፈር ያለብሰዋል አለኝ።»

አየነው ዓይንን ከሁሉ መጨረሻ ነበር የሚያስገባው። ልብሱ፣ እጁ፣ ፊቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ጠዋት ሳይበላ ሳይጠጣ ይሄድና በአንድ ትንፋሽ ያስገባዋል። ያን ሰሞን የሣላት እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ያለ ዓይን ግድግዳው ላይ ቀረች። ሁለት ወር ሳይሞላ የመሪጌታ የእህት ልጅ ሽመክት መጣና ሥራውን ተረከበ። ዓይኑንም አስገባ፤ እመቤታችንን ክፉ ወሬ የሰማች አስመሰላት። ወርቅነሽ ያን ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ነገሩ ገባኝ አለች፤ የእህታቸውን ልጅ ለመትከል ባሌን ነቀሉት።

አየነው ከዚያ ወዲያ ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ከሰው ራቀ። የሰላምታ እጅ እንኳ መዘርጋት ተወ፤ ጎንበስ ይልና ያልፋል። በዚህ ክረምት የእንጅባራ ብርድ ደረቱን ያዘው። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። ወርቅነሽ ግን ሐኪሙ የማያውቀውን አውቃለሁ ብላ አመነች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ድንኳኑ በር ላይ ቆመና ሁለት ሰዎች አንዲት አሮጊት ደግፈው አወረዱ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ እማማ ውብአየሁ ናቸው፤ የአየነው የእናት ወገን። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ለቀብሩ አልደረሱም። ቆመው በአውኚ አለቀሱ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ግማሹ ሰው አብሯቸው አለቀሰ፣ ግማሹ ቃሉ ሳይገባው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወርቅነሽ አጠገብ አስቀመጧቸው።

«የካሳነሽ ልጅ» አሉ በአማርኛ፣ ፊታቸውን እየጠረጉ። «የካሳነሽ ልጅ፣ ቀደመኝ እኮ።»

«እማማ፣ እናቱ የወርቅውሃ አይደሉም እንዴ?»

«የወርቅውሃማ አሳደገችው። የወለደችው እኅቷ ካሳነሽ ናት፤ በአራስነቷ ሞተች። እኔ ነኝ ያዋለድሁት፤ በዚህ እጄ።»

ወርቅነሽ ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ኖራ ይኸን ስም ሰምታው አታውቅም። «እሱ ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ? በየዓመቱ ኅዳር ላይ እየመጣ መቃብሯን ያጸዳ የለ። የወርቅውሃ ይከፋታል ብሎ ነው ለሰው የማያወራው። እሷ ከሞተችም ወዲያ አፉ ስለለመደ ዝም አለ።»

ወርቅነሽ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፋባትና አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ኮከብ የሚቆጠረው በሰውየው ስምና በእናቱ ስም ነው። ይኸን በዚህ አገር የተዳረች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ፊደሉ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ይደመራል፣ በአሥራ ሁለት ይገደፋል፣ የተረፈው ኮከቡ ነው። የእናት ስም ከተሳሳተ የተቆጠረው የሌላ ሰው ኮከብ ነው።

ባል የሞተባት ሴት ከፍራሽ ተነሥታ በድንኳን መሀል አትሄድም። ወርቅነሽ ተነሥታ ሄደች፤ ከምሰሶው ሥር፣ ከመሪጌታ ፊት ተቀመጠች።

«መሪጌታ፣ አየነውን በማን ስም ነው የቆጠሩት?»

ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «በእናቱ ነዋ። በየወርቅውሃ።»

«ስሙን ማን ሰጠዎ?»

«ራሱ።»

«እናቱ ካሳነሽ ናት። የወርቅውሃ አክስቱ ናቸው።»

መሪጌታ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ይነቃነቅ ጀመር፤ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እየዘለለ ሄደና አንዱ ላይ ቆመ።

«አሰድ» አሉ። «እሳት ነው። ዓይን መሣል እኮ የእሳት ሰው ሥራ ነው።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «በማያውቀው ኮከብ እጁን አሰርሁት። እኔ ነኝ የገደልሁት ወርቅነሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ይኸንኑ ሳስብ ነው የተቀመጥሁ፤ አሁን ደግሞ ቁጥሩም ስህተት ሆነ።»

ይኸን ቃል ሦስት ዓመት ስትጠብቀው ነበር። አሁን ስትሰማው ደስ አላላትም።

«አትሣል ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«የመሬት ሰው በስተርጅና ጥንቃቄ ይሻዋል ነው ያልሁት። ‹ተው ማለት ነው?› አለኝ። ‹ሳይሆን አይቀርም› አልሁ። ያንን ሲሰማ...» ቃል ፈለጉ። «ተነፈሰ። ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው። ያን ጊዜ ገረመኝ፤ አሁንም ይገርመኛል።»

«ሽመክትንስ?»

«እሱ ለምኖኝ ነው ያስመጣሁት። ለወርቅነሽ አትንገርብኝ አለኝ።»

ወርቅነሽ ተነሣች። እናቱ ማን እንደሆነች እያወቀ የአክስቱን ስም የሰጠ ሰው፣ የሚቆጠረው ኮከብ የሱ እንዳይሆን ፈልጎ ነው። ለምን? ሦስት ዓመት በመሪጌታ ላይ ያሰናዳችው ጥርጣሬ ዞሮ ሟቹ ላይ መጣባት። ቤት ገባች። ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አወጣችና ሣጥኑን ከፈተች።

ብሩሾቹ እንደታጠቡ ነበሩ። ከሥራቸው የተማሪ ደብተሮች ተደርድረዋል፤ ሰባት ናቸው። አንዱን ገለጠች። ዓይን ነው። የሚቀጥለውም ገጽ ዓይን ነው። ሰባቱም ደብተር ዓይን ብቻ ነው፤ በየገጹ ጥግ ቀኑ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ብሩሾቹን ከቆለፈበት ወር ይጀምራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይነሣና ሽፋሽፍቱ ጋ ሲደርስ ይርበተበታል፣ ይሰበራል፣ ከዓይኑ ወጥቶ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። እየቆየ ሲሄድ ይብሳል። በዚህ ዓመት ሰኔ የተሣሉት ዓይን መሆናቸው የሚታወቀው ከቀደሙት የተነሣ ብቻ ነው።

ሻይ ከግማሽ በላይ አትቅጂልኝ ይላት የነበረው ትዝ አላት። የሸሚዙን ቁልፍ ዓይኔ ደከመ፣ አንቺ ቆልፊልኝ ይላት የነበረውም። እጁን ጋቢ ውስጥ የሚያኖረው አኩርፎ አልነበረም። አየነው እጁ ከዳው፤ ያንን ግን ማንም እንዲያውቅበት አልፈለገም። እጁ አረጀ ከሚባል ሰማይ ከለከለው ቢባል መረጠ። ተናደደች። ሰው ሁሉ ይቅር፣ ከኔስ? ከኔም ነው የሚደበቀው? ሥራውን ስለተወ አልተናደደችም። ይኸንን እጅ ይዛ ልታባብለው የምትችልበትን ሦስት ዓመት ሙሉ ስለከለከላት ነው የተናደደችው። ደብተሩን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ቀብሩ ላይ እንደዚህ አላለቀሰችም።

ከውጭ የአንዳርጋቸው ድምፅ መጣ። ምሳው እስኪነሣ ሳይጠብቅ ተነሥቶ ቆሟል።

«አባቶች፣ አለቃችን ባሉበት የምናገረው አለኝ። ይኸ ሞት የእግዜር ብቻ አይደለም።»

ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆመች። ዝም ብትል አየነው ኮከቡ የከለከለው ሰዓሊ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲሁ እንዲቀር ሲል ነበር ያን ሁሉ የደበቀው። መሪጌታም ለመልስ አልተዘጋጁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ፍርዱን ይጠብቃሉ።

«ተቀመጥ አንዳርጋቸው» አለች።

«እታለም፣ ተስማምተን የለም?»

«ተሳስቼ ነው። ተቀመጥ።» ወደ አለቃው ዞረች። «አየነውን ኮከብ አልከለከለውም። ሦስት ዓመት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሣል አቃተው። አፍሮ ደበቀ፤ እኔንም ደበቀኝ። ለመሪጌታ የተሳሳተ የእናት ስም የሰጣቸው እሱ ነው። በሳቸው ላይ የተናገርሁትም ያስወራሁትም ሁሉ ውሸት ነው።»

 አንድ ሰው ለእማማ ውብአየሁ በአውኚ ሲነግራቸው ተሰማ፤ አሮጊቷ በመዳፋቸው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። አለቃው መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩና «ነፍሱን ይማር» አሉ። አንዳርጋቸው ተቀመጠ።

ወርቅነሽ ከዳር የተቀመጠውን ማስታጠቢያና የውሃ ጆግ አነሣች። ሴቶቹ ሊቀበሏት ተነሡ፤ ራሷን ነቅንቃ መለሰቻቸው። መሪጌታ ፊት ተንበረከከችና ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። መሪጌታ አዩዋት፤ ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ስታፈስ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ውሃው ጣታቸውን ስቶ እጅጌያቸው ላይ ወረደ። እሳቸው አንዱን እጃቸውን አውጥተው ጆጉን ከሥር ደገፉላት።