ያልተነቃነቀው የውሃ ቁጥር

ዘሊፓ ጄሬ ከምሳ መልስ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ብቅ ያለችው ለሥራ ሳይሆን ለመመስገን ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው አንድ ነገር ከሠራ በኋላ ምስጋና በሚገኝበት አካባቢ ዞር ዞር ማለት ይወዳል። የመዳብ ጉድጓዱን ውሃ የሚከታተለውን ፕሮግራም እንደ አዲስ ጽፋ ሥራ ላይ ካዋለችው ጥቂት ሳምንታት ሆኗታል። ተረኛው ሙኩፓ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ፣ ስክሪኑን በአገጩ አመለከታት።

“ያንቺ ፕሮግራም ውሃውንም ጨዋ አደረገው መሰለኝ” አላት። “ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።”

ዘሊፓ ፈገግ ልትል ጀምራ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

የማዕድን ጉድጓድ ውሃ ጨዋ አይሆንም። ፓምፕ ሲጎትተው ይወርዳል፣ ፓምፑ ሲያርፍ ይወጣል፤ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ነው የሚውለው። ንቅንቅ የማይል ቁጥር የሞተ ቁጥር ነው።

የማዕድኑ ኮምፒውተር በዕድሜ ሙኩፓን ይበልጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ “ሽማግሌው” ይለዋል። የሚሠራበት ስርዓት ከሌላው ቦታ ሁሉ ጠፍቶ እዚህ ቀርቷል፤ ተበላሽቶ አያውቅምና ደፍሮ የሚነካው አልነበረም። ዘሊፓ ግን የዘመኑ ወጣት ሁሉ በሚጽፍበት ቋንቋ እዚህም ካልጻፍኩ ብላ ተነሣች። ለዚህ ደግሞ ቋንቋውን መስመር በመስመር እያነበበ ለማሽኑ የሚያስረዳውን ተርጓሚ ፕሮግራም፣ ከተወለደበት ስርዓት ነቅላ ሽማግሌው ላይ መትከል ነበረባት። “ተይው፣ አይሆንም” ያላት ብዙ ነው። እልኸኛ ናትና ሆነላት።

ሽማግሌው አንድ ጠባይ አለው፤ ፋይል አይደመስስም። በአሮጌው ላይ አዲስ ጻፍ ቢሉት አሮጌውን በቦታው ይተውና ለአዲሱ የሚቀጥለውን ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ተረኞቹ ዓርብ ዓርብ “መጥረግ” የሚሉት ልማድ ነበራቸው፤ የቆየውን ቅጂ ሁሉ አጥፍተው የመጨረሻውን ብቻ ያስቀራሉ፣ እሱንም መልሰው ‘አንድ’ ብለው ይቆጥሩታል። ተርጓሚው ያደገበት ስርዓት ግን እንዲህ ያለ ጣጣ አያውቅም፤ እዚያ አዲሱ ሲጻፍ አሮጌው ይጠፋል። ዘሊፓም እዚህ ያው መስሏት የዓርቡን ጠረጋ አስቀረች። ሙኩፓ ደስ አለው። መጥረግ ማን ይወዳል?

አሁን ቁልፎቹን መታ መታ አድርጋ የውሃውን ፋይል ዝርዝር ጠራች። ዝርዝሩ ገጽ በገጽ ወረደ፤ ማለቂያም ያለው አይመስልም ነበር። በየደቂቃው አንድ ቅጂ ተጽፎ፣ የመጨረሻው ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ሰባተኛው ነበር። ሽማግሌው ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ጠዋት ላይ “በቃኝ” ብሏል፤ ስክሪኑም ያንኑ የመጨረሻ ልኬት ሲያሳይ ውሏል። ተርጓሚው ስሕተቱን መናገር ነበረበት። ግን በየጥቃቅኑ እየጮኸ ሲያሰለቻት፣ ዘሊፓ “በኋላ አስተካክለዋለሁ” ብላ አፉን አፍናው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አይመስልም።

የቆዩትን ቅጂዎች ጠርጋ የመጨረሻውን መልሳ ‘አንድ’ አለችው። ደቂቃዋ እስክትሞላ ጠበቀች። የውሃው ቁጥር ዘሎ ከአደጋው ቀይ መስመር በላይ አረፈ።

“ሁለተኛው ፓምፕ ለምን አልተነሣም?” አለ ሙኩፓ፣ ኦቾሎኒው ከጭኑ እየተበተነ።

“የሚያስነሣው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ የሞተ ቁጥር ሲያነብ ነው የዋለው። ታች ማን አለ?”

“ባሺ ቡፔና የፈረቃው ልጆች። ከጎድጓዳው ማዶ።”

ዋሻው እዚያ ጋ ዝቅ ብሎ ይጎደጉድና መልሶ ሽቅብ ይወጣል፤ ማዶ የሚቆፍሩት ሰዎች በደረቅ መሬት ላይ ናቸው። ውሃው ከኋላቸው ጎድጓዳውን ሞልቶ ብቸኛ መውጫቸውን ቢዘጋ እንኳ አያዩትም።

“የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሽታውን በአየር ቧንቧው ልልቀቅላቸው?” አለ ሙኩፓ።

“እንዳታደርገው! ሽታው ሲደርሳቸው መጠለያ ክፍል ገብተው ነው የሚቆልፉት። መጠለያቸውም እዚያው ማዶ ነው። አንተ ፓምፑን በእጅህ አስነሣ፣ እኔ በሬዲዮ እነግራቸዋለሁ።”

ሙኩፓ ወደ ፓምፑ ማብሪያ ቤት በሩጫ ወጣ። ዘሊፓ ሬዲዮውን አነሣች።

“ባሺ ቡፔ! ባሺ ቡፔ፣ ይሰማል?”

ባሺ ቡፔ፣ ማለትም የቡፔ አባት፣ የሚባለው የፈረቃው አለቃ ካፓምብዌ ነው። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ድምፁ መጣ።

“ማነው? እህ፣ የአይጥ በላዎች እመቤት! ምሳ አምልጧት ነው። እዚህ አንድ የሰባ አይጥ አለ፣ ላቆይልሽ?”

ከኋላው የሰዎች ሳቅ ተሰማ።

ዘሊፓ ንጎኒ ናት፣ ካፓምብዌ ቤምባ። ሁለቱ ሕዝቦች ድሮ ተዋግተው፣ ሲታረቁ መቀላለድን የእርቃቸው ማሰሪያ አደረጉት። ‘አይጥ በላ’፣ ‘ጦጣ በላ’ እየተባባሉ ይሰዳደባሉ፣ ይሸዋወዳሉ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አይተዛዘኑም፤ የሚቀየም ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ካፓምብዌ “መኪናሽ ነደደ!” ብሎ በካልሲዋ አስሩጧት፣ እሷም ብድሯን ካልመለሰች ሴት እንዳልሆነች በሰው ፊት ምላለች። እሱም ይኸው ሲጠብቃት ሰንብቷል።

“ቀልድ አይደለም” አለችው። “ውሃ ሞልቷል። ልጆቹን ይዘህ አሁኑኑ ውጣ።”

“ውሃ? ሙኩፓ ጠዋት ‘ውሃው ተኝቷል’ ብሎኛል። የመኪናው ብድር ከሆነ ሌላ ፈልጊ። አይጥ ወጥመድ ሲያጠምድ አይተን አናውቅም!”

“በእናቴ እምላለሁ!”

“እናትሽን እኔ የማውቃት አይጥ ስትጠብስ ነው።”

ሳቁ ደመቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ እውነት ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ተቀየረ፤ ጎድጓዳው ውስጥ ከጉልበት አልፎ ወገብ ደርሷል። ዘሊፓ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። ካፓምብዌ ልቅሶዋን “ጎሽ፣ ይኼኛው ተሻሽሏል!” ብሎ አደነቀላት።

መሐላም ልቅሶም በጨዋታው የተፈቀደ ነው። ያልተፈቀደ ነገር ፈለገች። ንጎኒ በቤምባ ፊት ፈጽሞ የማያደርገው አንድ ነገር ብቻ ታያት፤ ራሱን አያዋርድም። ሬዲዮውን ደግሞ ከታች እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ሁሉም ይሰማዋል። ስሟም፣ ሥራዋም፣ ያ ሁሉ እልኋም እዚያው ያልቃል። እጇ ለአፍታ ላላ። ከዚያ የመናገሪያውን ቁልፍ ጨብጣ ያዘችው።

“ባሺ ቡፔ፣ ስማኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽማግሌው ላይ የተከልኩት ተርጓሚ ከጠዋት ጀምሮ የውሸት ቁጥር ሲያሳይ ውሏል። ‘አልቻልኩም’ ብሎ ሊጮህ ሲል አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ። የዓርቡን ጠረጋ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። አይሆንም ያሉኝ ሰዎች ልክ ነበሩ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው። እኔ፣ ዘሊፓ ጄሬ።”

ካፓምብዌ የሚስቁትን ዝም አሰኘ።

“ምን አልሽ?”

“ጥፋቱ የኔ ነው።”

የሰውየው ድምፅ ተለወጠ። “ተነሡ! መሣሪያ ጣሉ! ያን ተወው እልሃለሁ፣ ጣለው! በጎድጓዳው ውጡ!” ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ዘሊፓ ስክሪኑ ላይ ዐይኗን ተከለች። ውሃው ደረት ደረሰ። ሙኩፓ እያለከለከ ተመልሶ “ተነሥቷል” አላት፤ የፓምፑ ንዝረት በወለሉ በኩል ተሰማቸው። ቁጥሩ ግን አሁንም ወጣ። አንገት ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ ሲዋሽ የዋለው ፕሮግራም አሁን ደቂቃ በደቂቃ እውነቱን ይነግራታል፣ እሷም ስለ እውነቱ ጠላችው። ውሃው አንገት ላይ ቆመ። የቆመ ቁጥር ማመን ስላቃታት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። በመጨረሻ ዝቅ አለ፣ ትንሽ ቆይቶም የአሳንሰሩ ደወል ከታች ተደወለ። ሙኩፓ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ “ሁሉም ይሁኑ ብቻ” አለ።

ወደ ጉድጓዱ አፍ ሮጠች። የአሳንሰሩ በር ሲከፈት ሰዎቹ እየተንጠባጠቡ ወጡ፤ ቁመተ አጭሩን ጓደኛው አዝሎታል። አንድም አልጎደለም። መጨረሻ ላይ ካፓምብዌ ወጣ። ሬዲዮውን ሰምቶ የተሰበሰበው ሠራተኛ ስድቡን ሊሰማ ተጠጋ፤ እሷን ለመስደብ ከዛሬ የተሻለ ቀን አይገኝም። ዘሊፓም ተዘጋጅታ ነበር። አይጡንም፣ እናቷንም፣ ሰባት ቤት ዘሯንም ቢያነሣ ደስ ብሏት ልትቀበለው ቆማለች።

ካፓምብዌ የራስ ቁሩን አወለቀ።

“አመሰግናለሁ፣ ማዳም ጄሬ” አላት፣ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ። “ደክሞዎታል። ቤትዎ ገብተው ይረፉ።”

ካፓምብዌ እንዲህ በአክብሮት የሚያናግረው ባዳን እንጂ የሚቀላለደውን ሰው አይደለም። መንገዱን ቀጥሎ ጥቂት እንደራቀ ዘሊፓ ጮኸችበት።

“አንተ ጦጣ በላ! እኔን ነው ‘እርስዎ’ የምትለኝ?”

ከተሰበሰበው ሰው የሳቀ አልነበረም። ካፓምብዌ በእርጥብ ጫማው እየተራመደ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባና በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።