የመምህር ዘካሪያስ ሰባተኛ ትምህርት

መምህር ዘካሪያስ በሕይወቱ ማይክሮፎን ይዞ አያውቅም፤ አያስፈልገውም። ቆቦ ዳር ባለው የግብርና ካምፓስ ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ማሽላ ሲያስተምር፣ በሩ ተዘግቶም ድምፁ ከሁለት ክፍል ወዲያ ይሰማል። አጠገቡ ያለው ክፍል ውስጥ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር፣ «የእኔ ተማሪዎች ከሒሳቡ ይልቅ ስለ አረም ነው የሚያውቁት» ብሎ እስከ ዲኑ ድረስ አቤት ብሏል።

በመስከረም መጨረሻ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ ታብሌት ታደለ። ከታብሌቱ ጋር መመሪያም መጣ። መምህር ሁሉ ትምህርቱን በድምፁ ቀድቶ ይጭናል፤ ተማሪውም ኔትወርክ ኖረም አልኖረም በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ያዳምጣል።

«እኔ ካሴት አይደለሁም» አለ ዘካሪያስ።

ይህን ያለው ለጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ የካምፓሱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት፤ የጎብዬ ልጅ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ የሰው ቁጣ የማያስደነግጣት።

«ካሴት ቢሆኑማ በምን ዕድሌ» አለችው። «ካሴት ሲጫኑት ይናገራል። ነገ በሦስት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ።»

ሄደ። ግን ሰው በሌለበት መናገር አቃተው። ባዶ ወንበሮቹን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እንግዲህ ማሽላ...» ይልና ይቆማል። ስድስቱን ትምህርት እንዲህ እያማጠ ቀዳ። ሰባተኛው ማሽላን ከወፍ ስለ መከላከል የሚናገር ነበር። እዚያ ላይ ሲደርሱ ጥሩወርቅ ታከታትና፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ተማሪዎቹ አሉ ብለው ያስቡና እንደ ልማድዎ ያስተምሩ» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ሞላለት። እጁ ተፍታታ፣ ድምፁ ተለቀቀ። የግሪሳ ወፍ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ እየተነተነ ሳለ፣ ድንገት ጠረጴዛውን በጥፊ አጮለና፣ «አንተ ከኋላ! ተነስ! ውጣልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ዓይኑን ሲገልጥ ጥሩወርቅ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች።

«ይህቺን ቁረጫት» አላት አፍሮ።

«ኧረ አልቆርጣትም! እሷ ከሌለች እርስዎ መሆንዎን ማን ያምናል?»

ታብሌቱ አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ የትኛው ተማሪ የትኛውን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደከፈተ ይቆጥራል። ተማሪው ከካምፓሱ ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ቁጥር ቁጥሩ መምህሩ ዘንድ ይደርሳል። ዘካሪያስ በመጀመሪያው ሳምንት ሲያይ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። «አላልኳችሁም?» አለ በመምህራን ክበብ፣ ደስ ያለው ለመምሰል እየሞከረ። 

በጥቅምት አጋማሽ ተማሪዎቹ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ተሰጣቸውና ወደየቤታቸው ሄዱ። በተመለሱበት ሰኞ ዘካሪያስ እንደገና ከፍቶ አየ። አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ... ከዚያ ዓይኑ አንድ ስም ላይ ቀረ። አሚና ታሂር፣ ሰባተኛ ትምህርት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ።

መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየው። ጥሩወርቅ ቢሮ እየተቻኮለ ሄደ።

«ይሄ ነገርሽ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ምንም አልሆነ። ትምህርቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል።»

ሻይ ሰዓት ላይ ለአምስት መምህራን ነገራቸው። የሒሳቡን መምህር ደግሞ ፈልጎ ለብቻው ነገረው።

ማክሰኞ ክፍል እንደገባ አሚናን አስነሳት። አሚና የዋጃ ዳር ልጅ ናት፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ የምታወርድ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ።

«እዩዋት!» አለ ዘካሪያስ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ! እስኪ ንገሪያቸው፣ ምን አገኘሽበት?»

አሚና ወለል ወለሉን አየች። «ይጠቅማል።»

«ይጠቅማል! ሰማችሁ? በይ እንግዲህ፣ ወፍ ማሽላን አጥብቆ የሚያጠቃው ምን ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው?»

«ሲ... ሲደርቅ?»

ክፍሉ ጉርምርም አለ። የዘካሪያስ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ፍሬው ወተት ሲይዝ ነው ብሎ በቀረጻው ውስጥ አራት ጊዜ ተናግሯል። አራት ጊዜ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት... ማባዛቱን ተወው።

ከክፍል በኋላ አሚና ቢሮው ድረስ መጣች።

«አፉ ይበሉኝ፣ መምህር። ያዳመጥኩት እኔ አይደለሁም። አባቴ ናቸው።»

የዘካሪያስ ፊት መልሶ በራ። «አባትሽ ገበሬ አይደሉም? ጎሽ! ገበሬው ራሱ መማር ከጀመረማ...»

«አይ... ለወፎቹ ነው የከፈቱት።»

«ለየትኞቹ ወፎች?»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ዘንድሮ በአባቷ በአቶ ታሂር ማሽላ ላይ ግሪሳው በረታ። ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ሲያወናጭፉ፣ ጅራፍ ሲያስጮኹ ውለው ክንዳቸው ዛለ። አሚና ለዕረፍት እንደሄደች ወፍ ለመጠበቅ ማማው ላይ ወጣችና፣ በዚያው ላጥና ብላ ትምህርቱን በአጎቷ ስፒከር ከፈተችው። ስፒከሩ በፀሐይ የሚሞላ፣ ለሠርግ የሚከራይ፣ ትልቅ ነው። «አንተ ከኋላ! ተነስ! ውጣልኝ!» የሚለው ላይ ሲደርስ መንጋው በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍቱ እስኪያልቅ አባቷ ታብሌቱን አልለቀቁላትም።

«ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ብቻ እንዳይነጥቁኝ።»

ዘካሪያስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ፣ «የሚነሱት ጠረጴዛውን ስመታ ነው ወይስ ስጮህ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሲጮሁ ነው፣ መምህር።»

«ቅዳሜ ወስደሽ ታሳይኛለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ዋጃ ወርደው ግማሽ ሰዓት በእግር ሄዱ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ሞልቶ ጎንበስ ማለት ጀምሯል። አቶ ታሂር ማማው ላይ ሆነው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ነበር።

«እንደምን አደሩ!» አለ ዘካሪያስ ከታች።

አቶ ታሂር ዞረው እንኳ ሳያዩት፣ «ያ ረቢ! ድምፁ! ራሳቸው ናቸው!» ብለው እየተንደረደሩ ወረዱ። እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «መምህር! ምን ያለ ጉሮሮ ነው አላህ የሰጠዎት!»

ዘካሪያስ ይመስገን ይበል ይቆጣ ግራ ገባው። መንጋው መጥቶ ማሽላው ላይ እስኪያርፍ ጠበቁና አሚና ታብሌቱን ከፈተች። ጩኸቱ ሲመጣ ግማሹ ወፍ ተነሳ፤ ግማሹ ቀና ብሎ አየና መብላቱን ቀጠለ።

«ለመዱት» አሉ አቶ ታሂር እያዘኑ። «የመጀመሪያ ሰሞን እስከ ሮቢት ድረስ ነበር የሚሸሹት።»

«እንደ ተማሪዎቼ ናቸው በሉኛ» አለ ዘካሪያስ። ኮቱን አውልቆ ለአሚና ሰጣትና ማማው ላይ ወጣ። ደረቱን ሞላ። «አንተ ከኋላ! ተነስ! ውጣልኝ!»

አንድ ወፍ አልቀረም። ዳመና የመሰለው መንጋ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ጎረቤት ማሳ ላይ ወረደ። ከዚያ ማዶ የሌላ ሰው ጩኸት ተሰማ፦ «ታሂር! ምን በደልኩህ? ወደ እኔ ትነዳቸዋለህ እንዴ?»

ዘካሪያስ ከማማው ሲወርድ አቶ ታሂር ሥሩ ሆነው እየጠበቁት ነበር።

«አዩ አይደል መምህር? የምጠይቅዎ ይሄንኑ ነው። በትምህርቱ ላይ ‹ቶሎ የሚደርስ ዘር ዝሩ፣ ከወፍ ታመልጣላችሁ› ይላሉ።»

«እላለሁ።»

«እሷ ላይ በደረሱ ቁጥር እዚህ ቆሜ መልስ እሰጥዎታለሁ፤ እርስዎ ግን አይሰሙኝም። አምና ዘራሁት። ጎረቤቶቼ ማሽላ ገና ቅጠል ሳለ የእኔው ወተት ያዘ። ታዲያ በራያ ምድር ያለ ግሪሳ ሁሉ የት ይሂድ? ሰደቃ እንደተጠራ ሰው ጠቅሎ እኔ ዘንድ መጣ! ዘሩ ክፉ አይደለም፤ ጥፋቱ ብቻዬን መዝራቴ ነው። ከጎረቤት ተመካክሮ በአንድ ሰሞን ቢዘራ ወፉም ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ይህን ለምን አላሉም?»

አሚና አባቷን በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። ክፍል ውስጥ መምህር ዘካሪያስን እንዲህ የሞገተ ሰው ዕጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ዘካሪያስ ግን ማማው ሥር አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አላልኩም» አለ ቀስ ብሎ። «ሃያ ስድስት ዓመት አላልኩም።» ከዚያ ወደ አሚና ዞረ። «ይሄ ነገር የሚቀዳው በየት በኩል ነው?»

ስምንተኛው ትምህርት እንዲህ ተቀዳ። ዘካሪያስ ታብሌቱን ፊታቸው ላይ ሲያቆምባቸው አቶ ታሂር ቅንጣት አልተሸማቀቁም። አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ተናገሩ፤ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ወፍ ሰደቡ። ዘካሪያስ ደብተር አውጥቶ ጻፈ፤ አሚና ማማው ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ ነበር።

ጥሩወርቅ ቀረጻውን ስትጭን የአሚናን ጥፋትም በአንድ መስመር ጨረሰችው። «ታብሌቱ ከካምፓስ ውጭ ምን ተሠራበት?» ለሚለው የቅጹ ጥያቄ «የመስክ ትምህርት» ብላ ሞላች። ዘካሪያስም ሰባተኛውን እንደገና ቀዳ፤ የጎረቤቱን ነገር ጨመረበት፣ ጩኸቱን ግን አላወጣውም።

ስምንተኛውን ተማሪዎቹ ወደዱት። በመኝታ ቤትም በካፌም ይከፈታል፤ የአቶ ታሂርን የወፍ ስድብ በቃላቸው የያዙ ሞልተዋል። ዘካሪያስ በየጠዋቱ ቁጥሩን እያየ፣ «ዛሬም በለጡኝ» ይላል ለጥሩወርቅ፤ ቅናትና ኩራት ባንድ ላይ ፊቱ ላይ ይታያል።

ጥር ላይ ፈተና ሆነ። የመጨረሻው ጥያቄ ከአቶ ታሂር ትምህርት የወጣ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሲመልሰው አንዲት ተማሪ ብቻ ሳተችው፤ አሚና።

«ስምንተኛውን አልከፈትሽውም?» አላት ዘካሪያስ ማመን አቅቶት።

«ቤት ሁልጊዜ የምሰማው ድምፅ ነው ብዬ ነዋ» አለች አሚና።

ዘካሪያስ ከት ብሎ ሳቀና እዚያው ቆሞ ለአባቷ ደወለ። አቶ ታሂር ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ነጥብ እንዳይጨምሩላት» አሉ። «ለዕረፍት ትምጣ ብቻ። እኔው ነኝ የማስጠናት።»