ለክፉ ቀን የተቀመጠ ማገዶ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይጠብቃል? የሚስቱን ጓዳ ነዋ! ጋሽ ፊርማም ያደረገው ይህንኑ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን አንዲት መጥረጊያ ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ የሚጠይቅ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። ባልደረቦቹ ጋሽ ፊርማ አሉት፣ በዚያው ቀረ። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ የስኳሩን ጣሳ በማንኪያ ሲለካ ባለቤቱ ደረሰችበት። በሁለተኛው ሳምንት ሳሙናው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ማብራሪያ ጠየቃት። በሦስተኛው ሳምንት ለልጃቸው ደወለችና ወይ ለአባትሽ ሥራ ፈልጊለት፣ ወይ ለእኔ ሌላ ቤት ፈልጊልኝ አለቻት።

ልጅቱ ሌላ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራ ብልህ ልጅ ናት። ቅዳሜ መጥታ አሮጌ ላፕቶፗን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና አንድ ጌም ከፈተችለት። ነገሩ ጥንት ነው፤ መብራትም መኪናም የለም። ጥቂት ቤተሰቦች ጫካ መሃል ይሰፍራሉ። ከውጭ የሚመጣላቸው ነገር ስለሌለ እህሉን ራሳቸው ያመርታሉ፣ ዓሣውን ራሳቸው ያጠምዳሉ፣ ማገዶውንም ራሳቸው ይፈልጣሉ። የተጫዋቹ ሥራ ማን ምን እንደሚሠራ መድቦ የበረዶውን ወራት በሕይወት ማሻገር ነው። ጦርነት የለበትም፣ ሩጫ የለበትም። አንዱ ግንድ ተሸክሞ ከጫካ እስኪመጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተህ ትጨርሳለህ። ልጅቱ ጊዜውን የሚያፈጥነውን ምልክት ብታሳየው ጋሽ ፊርማ ተቆጣ፤ ሰው ሥራውን በአግባቡ ይሥራ እንጂ ምን ያጣድፈዋል አላት። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር በማግኘቱ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

የመጀመሪያው መንደሩ ግን ዓመት አልደፈነም። ከቤት በፊት መጋዘን ሠራ፤ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ መጋዘን ሠራ። እህሉ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ሰዎቹ ሜዳ ላይ ሲያድሩ በረዶ መጣና ጠራርጎ ወሰዳቸው። ጋሽ ፊርማ ለልጁ ደውሎ ሕዝቡ ማለቁን፣ ከእህሉ ግን አንዲት ፍሬ አለመጉደሏን አስረዳት።

በሁለተኛው መንደር ብልጥ ሆነ። ቤት ሠራ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ዓሣ አጥማጅና ፈላጭ መደበ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲመኘው የኖረውን ነገር አገኘ። መጋዘኑን ሲነካው አንዲት ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ቁጥር መጠባበቂያ ይሆናል። ከዚያ ቁጥር በታች የመንደሩ ሰው ቢያለቅስ፣ ቢንከባለል፣ አንዲት እንጨት አይወጣለትም። ልመና የለ፣ አማላጅ የለ፣ የአለቃ ስልክ የለ! ጋሽ ፊርማ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለና ማገዶው ላይ መቶ ብሎ ጻፈ። ክምሩ ባደገ ቁጥር እሱም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ባለቤቱ ጓዳዋን ስላስለቀቀላት ብቻ ጌሙን መርቃዋለች። አንድ ጠዋት የቁርስ ሳህን ልታነሳ ስትመጣ ቆም ብላ አየች። ጎበጥ ያለች፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ቅርጫት ይዛ ከጫካው ዳር እንጆሪ ትለቅማለች።

«ይቺማ እኔ ነኝ» አለች። «እዚያም ገብቼ እለፋልሃለሁ? አይ ዕድሌ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይ እየቀዳች ዛሬ እንዴት አደርኩ ትለዋለች። እሱም ትናንት ሙሉ ቅርጫት ለቅመሻል፣ ማታ ዓሣ ደርሶሻል እያለ ይነግራታል። አንዳንዴ ትቆጣለች፤ በዚህ ዕድሜዬ ዛፍ ለዛፍ ታዞረኛለህ፣ ጡረታ ለአንተ ብቻ ነው እንዴ ትለዋለች። እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከስኳርና ከሳሙና በቀር ወሬ ጠፍቶ ነበር። አሁን ግን የሚያወሩት ነገር አገኙ። ጋሽ ፊርማ ለማንም አይናገር እንጂ ያችን ጥያቄ ለመስማት ሲል ከአልጋው ቀድሞ መነሳት ጀምሯል። አሮጊቷ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጭንቀቱም እሷን በረዶው እንዳይወስድበት ነበር። መንደሩ ቢያልቅ ሌላ መንደር ይጀመራል፤ እሷ ብትሞት ግን ጠዋት ምን ሊላት ነው?

በዚያ ሰሞን ውጭም ብርድ ገባ። ዝናቡ ከነነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል፤ ባለቤቱ ክርኑ ያለቀ ሹራቧን ለብሳ እጆቿን ብብቷ ሥር ከትታ ትቀመጣለች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ግን ልጅቱ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችላቸው ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ጠርዛቸው ወርቃማ ከሆነ ስድስት ብርጭቆዎች ጋር፣ ከነፕላስቲኩ፣ ለእንግዳ ተብሎ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። እንግዳ ይመጣል፤ ጋሽ ፊርማ ገልመጥ አድርጎ ያየዋል፤ ለዚያ ብርድ ልብስ የሚበቃ ሆኖ አያገኘውም። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ባለቤቱ በዚያ ሳምንት አውጣልኝ ብትለው፣ ብርዱ እኮ ገና መጀመሩ ነው፣ ሲጠና ምን ልትለብሺ ነው ሲል መለሰላት። እሷም ተወችው፤ ከመጋዘን ሹም ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ሰምታ አታውቅም።

መንደሩም ላይ በረዶ ወረደ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ምልክት ብቅ አለች፤ በርዷታል ማለት ነው። ጋሽ ፊርማ ደንግጦ ማገዶውን ቢያይ ዘጠኝ መቶ ነው። ይህን ያህል ማገዶ ተቆልሎ ሰው ይበርደዋል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የለገሙት ፈላጮቹ ናቸው ብሎ ሁለት ሰው ጨመረባቸው። ቆይቶ ያቺ ሳጥን ትዝ አለችው። ከፈታት። ዘጠኝ መቶ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው።

ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ጣቱ ማውዙ ላይ ቀረ። በረዶው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ አሁን ከተነካ ኋላስ? አንድ ሺህ ይግባና መቶዋን አወጣላታለሁ አለና እስከዚያ እንዳይነካ ሳጥኗ ላይ አንድ ሺህ ብሎ ጻፈ። አሠራር አሠራር ነው።

ይህን ሲያሰላ ባለቤቱ ከኋላው ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው ራሴ ላይ ያለው?»

«ትንሽ በርዶሻል። ይወጣልሻል።»

«ማገዶ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ለክፉ ቀን ነው» አለ ጋሽ ፊርማ።

ባለቤቱ ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ሄደች።

አሮጊቷ ቅርጫቷን አስቀምጣ ከቤቷ ወጣች። በበረዶው ውስጥ ቀስ እያለች መጋዘኑ በር ደረሰችና ቆመች። ጋሽ ፊርማ ይህን አቋቋም ያውቀዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮቱ በኩል ያየው ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚቆምለት፣ አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራው። ድሮ ሲያየው ደስ ይለው ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኑን ወደ ክምሩ ቁጥር አሸሸ። ክምሩ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ገባ። ፈላጮቹ አንዳንድ ግንድ ተሸክመው ይጎተታሉ። ኧረ ፍጠኑ እናንተ ሰዎች! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መቸኮል አማረውና ልጁ ያሳየችውን ምልክት ፈልጎ ነካው።

ጊዜው ፈጠነ። ፈላጮቹ ሮጡ፣ ቁጥሩ ሮጠ፣ በረዶውም ሮጠ። አሮጊቷ በሩ ላይ ወደቀች። ከታች አንድ ጽሑፍ መጣ፦ አሮጊት፣ ሰባ ሁለት ዓመት፣ በብርድ ሞተች። ከጎኑ ደግሞ፦ ማገዶ፣ አንድ ሺህ አራት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ጋሽ ፊርማ መጠባበቂያውን ዜሮ አደረገው። ሕዝቡ መጋዘኑን ወረረው፣ የመንደሩ ጭስ ማውጫ ሁሉ ባንዴ ጨሰ። እሱ ግን አላየውም፤ ዓይኑ ጠዋት ለባለቤቱ ይቺ አንቺ ነሽ ብሎ የሚያሳያት ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሌላ አሮጊት ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት የሐሰት ወረቀት ያልጻፈ ሰው፣ እስቲ እዩት! ራሱ ላይ ሰማያዊ ያለው አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ያውም ጢሙ እስከ ደረቱ። ጋሽ ፊርማ ላፕቶፑን ዘግቶ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ አለቀሰ።

ጠዋት ባለቤቱ ሻዩን አቀረበችለትና እጆቿን ወደ ብብቷ መለሰች።

«እሺ፣ ዛሬስ እንዴት አደርኩ?»

ጋሽ ፊርማ ተነሳና ክሩን ከአንገቱ አውጥቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የፕላስቲኩ ዚፕ ሦስት ዓመት ስላልተነካ እንቢ አለው፤ በጥርሱ ቀደደው። ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ጣለና ከፊት ለፊቷ ደህና አድርጎ ገጠመላት። ባለቤቱ ብርድ ልብሱን አየች። ቀና ብላ ደግሞ እሱን አየችው።

«ሞትኩ እንዴ?» አለችው።

«ትናንት» አለ ጋሽ ፊርማ። «መጋዘኑ በር ላይ ቆመሽ። በብርድ።»

ባለቤቱ ሳቋ መጣ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ እዚያው እንደቆመ ነው። ሳቋ ሲበርድላት እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ መዳፏን ዘረጋችለት። ጋሽ ፊርማ ቁልፉን ከነክሩ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አላስፈረማትም።